እማዬን የጣላት ደፍ

ነገሩን የነገረችኝ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት። አንድ የጁላይ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እየሠራሁ ሳለ ጠጋ ብላ፣ “እማማ ማታ ማታ ለምንድን ነው ግድግዳ ይዛ የምትሄደው?” አለችኝ።

እማማ የምትላት አያቷን፣ የእኔን እናት ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ መኖር ከጀመረች አራት ወር ሆኗት ነበር። ዕድሜዋ 71 ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከወዲያ ወዲህ ስትል ነው የምትውለው። ስለዚህ የልጄን ጥያቄ በቁም ነገር አልያዝኩትም። ሻይ ላቀብላት ስጠጋ ግን ነጠላዋን ወደ ግራ እጇ ስትስብ አየሁ። ነጠላውን ገለጥ ሳደርገው የእጇ አንጓ አብጧል።

“ምን ሆነሽ ነው እማዬ?”

“ምንም አልሆንኩም። ትንሽ አደናቅፎኝ ነው።”

“የት?”

መልስ አልሰጠችኝም። ዓይኗ ግን ወደ ወጥ ቤቱ መግቢያ ሄደ። እኔም ወዲያው ገባኝ። የዚያን ቦታ ወለል የሠራሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ራጅ ተነሣች፤ እግዚአብሔር ይመስገን አጥንቷ አልተሰበረም። በኋላ ግን ስለ መውደቅ ማንበብ ጀመርኩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለጉዳት የሚዳረጉበት ዋናው ምክንያት መውደቅ ነው። በየዓመቱ ከአራት አረጋውያን ቢያንስ አንዱ ይወድቃል። ከወደቁት መካከል ለሐኪማቸው የሚናገሩት ደግሞ ከግማሽ ያነሱ ናቸው።

እማዬም ከማይናገሩት አንዷ ነበረች። ከሐኪም ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

“አንቺ በእጅሽ የሠራሽው ነው” አለችኝ። “የመጣሁ ቀን ደስ ብሎሽ አሳየሽኝ። ምን ብዬ ልንገርሽ?”

ደፍ ምንድን ነው?

ልጄ የማታውቀው የአማርኛ ቃል ሲመጣ ወሬያችንን ታስቆማለች። ያን ቀን ማታም አያቷ “ያ ደፍ” ስትል ሰማችና፣ “ደፍ ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀች።

እማዬ በጣቷ አየር ላይ በር ሣለችላት። በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለቱ እንጨቶች መቃን ይባላሉ። ከላይ የተጋደመው ጉበን ነው። ከታች፣ ከመቃን እስከ መቃን የተጋደመው፣ እግራችን የሚሻገረው ደግሞ ደፍ ነው። ከቤት ውጭ ያለው ቦታ ደጅ ይባላል። “ደጃፍ” የምንለው ቃል “ደጅ” እና “አፍ” ከሚሉት ሁለት ቃላት የተሠራ ነው።

“እኔ ያደግኩበት ቤት ደፉ ከፍ ያለ ነበር” አለች እማዬ። “በክረምት የዝናብ ውሃ ወደ ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዳ ሲመጣ እግሩን አንሥቶ ይሻገራል። እኛ ደግሞ በጨለማም ቢሆን እግራችን ያውቀዋል።”

“ታዲያ የኛ ደፍ ትንሽ ነው። እንዴት ጣለሽ?” አለች ልጄ።

“የኛ ትልቅ ነው፤ ግን ይታያል። የእናንተ ትንሽ ነው፤ ግን ተደብቋል። ሰው የሚጥለው የተደበቀው ነው።”

የእኔ ስህተት

ቤታችን ያለው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የወጥ ቤቱ ወለል ሴራሚክ ነው፤ የሳሎኑ ደግሞ ላሚኔት። ላሚኔት ማለት ተጨምቆ ከተሠራ እንጨት የሚዘጋጅ፣ ከላዩ የእንጨት መልክ ያለው ሳንቃ ነው። ሁለቱም ወለሎች ግራጫ ናቸው። ሴራሚኩ ከሥሩ የሲሚንቶ ሰሌዳና ማጣበቂያ ስላለው ከላሚኔቱ ከፍ ይላል። ቤቱን ስንገዛ በሁለቱ ወለሎች መካከል 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ ነበር።

ፌብሩዋሪ ላይ፣ እማዬ ልትመጣ አንድ ወር ሲቀራት፣ ያንን ክፍተት ለመዝጋት ተነሣሁ። ከሱቅ ወለሉን የሚመስል ግራጫ፣ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ብረት ገዛሁ። ክፍተቱን በማጣበቂያ ሞላሁት። ብረቱን ከላይ አስቀመጥኩና ብሎኖቹን በላሚኔቱ ውስጥ አሳልፌ እስከ ታች አጠበቅኳቸው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ፎቶ አንሥቼ አዲስ አበባ ላለችው እማዬ ላክሁላት።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ሥራዬም የሶፍትዌር መሐንዲስነት ነው። በእኛ ሙያ “እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል” የሚል የታወቀ ቀልድ አለ። ፕሮግራሙ ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ግን ይበላሻል። የእኔም ወለል እንደዚያው ነበር። በፌብሩዋሪ ያለ ችግር ይሠራ ነበር።

ያላወቅኩት ነገር ይህ ነው። ላሚኔት ከሥሩ ጋር አይጣበቅም። ሳንቃዎቹ እርስ በርሳቸው ይቆላለፉና ከሥራቸው በተነጠፈው ስስ ስፖንጅ ላይ ይተኛሉ። በብርድ ወራት ማሞቂያው የቤቱን አየር ሲያደርቀው ወለሉ በሙሉ ይጠባል። በሙቀት ወራት አየሩ እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ወለሉ በሙሉ ይሰፋል። ሴራሚክ ግን ከሥሩ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ባለበት ይቆያል።

ስለዚህ ላሚኔት ሲነጠፍ በዙሪያው ሁሉ መንቀሳቀሻ ቦታ ይተውለታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል። ከግድግዳው ሥር ያለውን ክፍተት ዞኮሎ ይሸፍነዋል። በመግቢያ ላይ ያለውን ደግሞ የመጋጠሚያው ብረት ይሸፍነዋል። የብረቱ ሥራ ክፍተቱን መሸፈን እንጂ መሙላት አይደለም።

እኔ ግን ክፍተቱን ሞላሁት። ላሚኔቱንም በብሎን ቸነከርኩት። ከወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ከባድ የመጻሕፍት መደርደሪያ ተጭኖበታል። ጁን ላይ የሜሪላንድ እርጥበት ሲመጣ ወለሉ ሊሰፋ ፈልጎ መሄጃ አጣ። ወደ ላይ ጎበጠና ብሎኖቹን ይዟቸው ተነሣ። የብረቱ አንድ ጠርዝም አብሮ ብድግ አለ። ቀለሙ ከወለሉ ጋር አንድ ስለሆነ እኔ በየቀኑ ሳልፍ አላየሁትም። እማዬ በሌሊት ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ የእግሯ ጣት ከዚያ ጠርዝ ሥር ገባ።

አራት ሳንቲሞች

በማግስቱ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ብረቱን ነቀልኩት። የሞላሁትን ማጣበቂያ በቢላ ፍቄ አወጣሁ። የመጻሕፍት መደርደሪያውን ላሚኔቱ ወደሌለበት ክፍል አዛወርነው። ከዚያ ከላሚኔቱ ጠርዝ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ቆረጥኩ። ብሎኖቹ የበሱት ቀዳዳም አብሮ ተቆርጦ ሄደ።

ወለሉ ወደ ቦታው እስኪመለስ አንድ ሳምንት ጠበቅን። እስከዚያው እማዬ እንድታየው በሁለቱም ጠርዝ ላይ ደማቅ ቢጫ ቴፕ ለጠፍኩ። ወጥ ቤቱ መግቢያ ላይም በጨለማ ራሷ የምትበራ ትንሽ መብራት ሰካሁ።

ቅዳሜ ሲደርስ ሦስታችንም ወለሉ አጠገብ ተሰበሰብን። የከፍታውን ልዩነት በምን እንደምንለካው ሳስብ እማዬ ቦርሳዋን ከፍታ የኳርተር ሳንቲሞች አወጣች። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሴራሚኩ ላይ አስተኛንና ጫፉን ከላሚኔቱ በላይ አሳለፍነው። ልጄ ከማስመሪያው ሥር ሳንቲሞቹን እየደራረበች ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ማስመሪያውን ነካ። የአንድ ኳርተር ውፍረት 1.75 ሚሊ ሜትር ነው። አራቱ ሲደመሩ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ።

“በቃ? የጣለችኝ ይቺ ናት?” አለች እማዬ ሳንቲሞቹን እያየች።

ሰባት ሚሊ ሜትር ግን ትንሽ አይደለም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ሲራመድ እግሩን ብዙ አያነሣም። በአሜሪካ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሕዝብ ሕንፃዎች የሚከተሉት መመሪያ አለው። በመመሪያው መሠረት የወለል ከፍታ ልዩነት እስከ 6 ሚሊ ሜትር (ሩብ ኢንች) ከሆነ ጠርዙ ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል። ከዚያ አልፎ እስከ 13 ሚሊ ሜትር (ግማሽ ኢንች) ከሆነ ግን ጠርዙ ተዳፋት መሆን አለበት። ተዳፋቱም አንድ ከፍ ሲል ቢያንስ ሁለት ወደ ፊት መሄድ ይኖርበታል። ከግማሽ ኢንች በላይ ከሆነ ደግሞ እንደ ተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ረዘም ያለ ተዳፋት ያስፈልጋል፤ አንድ ከፍ ሲል አሥራ ሁለት ወደ ፊት። ሕጉ የግል ቤትን አያስገድድም። ልኬቱ ግን ለማንም እናት እግር ይጠቅማል።

ትክክለኛውን ብረት መምረጥ

ሱቅ ስትሄዱ መደርደሪያው ላይ ብዙ ዓይነት ብረት ታያላችሁ። ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል።

ሁለቱ ወለሎች እኩል ከፍታ ካላቸው ከጎን ሲታይ የእንግሊዝኛውን ፊደል “ቲ” የሚመስለው ይሆናል። የ“ቲ”ው እግር ወደ ክፍተቱ ይገባል፤ ሁለቱ ክንፎቹ በሁለቱ ወለሎች ላይ ያርፋሉ።

አንዱ ወለል ከሌላው ከፍ ካለ ተዳፋት ያለው ብረት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ “ሪዱሰር” ይሉታል። ለእኛ ቤት ያስፈለገው ይህ ነበር።

ምንጣፍ ከጠንካራ ወለል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከሥሩ ጥርስ ያለው ብረት አለ። ጥርሱ የምንጣፉን ጠርዝ ይይዘዋል፤ ምንጣፉም አይተለተልም፤ እግርም አይጠልፍም።

ቀለሙንም አስቡበት። እኔ በመጀመሪያ ወለሉን የሚመስለውን መርጬ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ምርጫውን ለእማዬ ተውኩላት። ሱቁ ውስጥ ሁሉንም እያነሣች አየችና ወርቃማውን ያዘች። “ይኼ ከሩቅ ይታያል” አለች። ሳሎናችን ውስጥ ወርቃማ ነገር የለም። ገዛነው።

እንደገና ስንሠራው

የገዛነው ብረት ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከታች የሚታሰር ጠባብ መሠረት ነው። ሌላው ከላይ የሚገጠም፣ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተዳፋት ክዳን ነው። ለ7 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

መጀመሪያ የመግቢያውን ስፋት በሜትሮ ለካን። ሜትሮ የሚጠቀለለው መለኪያ ነው። ሁለት ቦታ፣ በወጥ ቤቱ በኩልና በሳሎኑ በኩል፣ ለካን። አንዱ 81 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 81.4 ሆነ። ግድግዳ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ብረቱ የሚሸጠው በ36 ኢንች ርዝመት ነው፤ ወደ 91 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ትርፉን ምልክት አድርጌ በብረት መጋዝ ቆረጥኩ። የተቆረጠ አሉሚኒየም እንደ ምላጭ ስለሚስል ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ አትርሱ። ልጄ ጓንቷን አድርጋ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰችው።

ቀጥሎ ክፍተቱን በቫኪዩም አጸዳን። አንዲት ትንሽ ጠጠር እንኳ ከሥሩ ብትቀር ብረቱ ሲረገጥ ይንቀጫቀጫል።

ከዚያ መሠረቱን ወደ ሴራሚኩ አስጠግቼ አስቀመጥኩ። በላሚኔቱ በኩል 8 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ተውኩ። “ትራፓኖውን አምጪ” አልኳት ልጄን። ደነገጠች። ትራፓኖ ማለት መብሻ፣ በእንግሊዝኛ “ድሪል” የሚባለው ነው። ከወለሉ ሥር ያለው እንጨት ደግሞ ኮምፔንሳቶ ይባላል፤ “ፕላይዉድ” ማለት ነው። ትራፓኖ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ዞኮሎ፣ ሦስቱም ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ የግንባታ ቃላት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ማንኛውም አናጺ ያውቃቸዋል። ልጄ ሦስቱንም ደብተሯ ላይ ጻፈቻቸው።

ብሎኖቹን ያሰርኳቸው ክፍተቱ ውስጥ፣ በቀጥታ ወደ ኮምፔንሳቶው ነው። ላሚኔቱን አንድም ብሎን አልነካውም። ክዳኑን ከላይ ገጥሜ የመጨረሻዎቹን ብሎኖች በእጅ ጠመዘዝኩ። በትራፓኖ ብታጠብቋቸው ክዳኑ ይጣመማል፤ ላሚኔቱንም ከታች ጨምቆ ይይዘዋል። ያኔ ወደ ቀድሞው ስህተት መመለስ ነው።

ሥራው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስንጨርስ ማንም ሳይጠይቃት እማዬ ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን ተመለሰች። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ግድግዳውን አልያዘችም።

አሁን ብርዱ ገብቷል። ማሞቂያው በርቷል፤ ላሚኔቱም ጠቧል። ብረቱ ግን እንደተገጠመ ነው። በዚህ ጊዜ በሁለቱም ወቅት ሞክሬዋለሁ።

በእናንተ ቤት

ይህን ሥራ ለመሥራት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን ከመብሳታችሁ በፊት ከወለሉ ሥር ምን እንዳለ እወቁ። በአውሮፓ ብዙ ቤቶች የማሞቂያ ቧንቧ ከወለሉ ሥር ይዘረጋል። እዚያ ላይ ትራፓኖ ማስገባት ቧንቧውን መብሳት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት በማጣበቂያ የሚለጠፍ ብረት ይሻላል። ከሥሩ ኮንክሪት ከሆነ ደግሞ የኮንክሪት መብሻና ፊሸር ያስፈልጋል። ፊሸር ብሎኑ ኮንክሪት ውስጥ እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የምትገባው ፕላስቲክ ናት። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አስቀድማችሁ አከራዩን አስፈቅዱ። በር ካለበት ደግሞ በሩ ብረቱን ሳይነካ መዘጋቱን አረጋግጡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። በዚህ ቅዳሜ በባዶ እግራችሁ ቤታችሁን ዙሩ። አንድ ወለል አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ሁሉ ቁሙ። እግራችሁን ሳታነሡ ጎትታችሁ እለፉ። ጣታችሁን የሚይዘው ነገር ካለ የአያታችሁንም ይይዛል።

አብረዋችሁ የሚኖሩ አያት ወይም ወላጅ ካሉ ደግሞ ጠይቋቸው። ጥያቄው በአማርኛ ቀላል ነው፦ “እማማ፣ በዚህ ቤት ውስጥ ስትሄጂ የሚያስፈራሽ ቦታ የቱ ነው?” በቤታችሁ ለአያት “እርስዎ” የሚባል ከሆነ፣ “ሲሄዱ የሚያስፈራዎት ቦታ የቱ ነው?” በሉ። “ወድቀሽ ታውቂያለሽ?” ብላችሁ አትጀምሩ። የመጀመሪያው መልስ “ኧረ ምንም አልሆንኩም” ነው የሚሆነው።

እኔም ብረቱን በገጠምንበት ቀን ማታ እማዬን ይህንኑ ጠየቅኳት። “ደፉ ነበር፤ አሁን እሱ አለፈ” ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሻይዋን ፉት ብላ ትንሽ አሰበች።

“ገላ መታጠቢያው” አለች። “የገንዳው ጠርዝ ከፍ ይላል። ስገባና ስወጣ ያንን ብረት ነው የምይዘው።”

የትኛውን ብረት እንደሆነ ልታሳየኝ ተነሥታ ሄደች። አራት ወር ሙሉ ይዛው ስትገባና ስትወጣ የነበረው የፎጣ መስቀያውን ነው። በሁለት ትንንሽ ብሎን ግድግዳው ላይ የተያዘ፣ ሰው ሳይሆን ፎጣ ለመሸከም የተሠራ። ነካ ሳደርገው ተወዛወዘ።

ልጄን ጠራኋት። “ትራፓኖውን አታስቀምጪው” አልኳት።